ታናሹን ሥዕል ስለ መመርመር

በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው፣ ሥዕሉን በገንዘቡ ያሣለው ምእመን፣ ከቅዱሳኑ እጅግ አንሶ መሣሉ ማን የበላይ ማን የበታች እንደ ሆነ ያለ ቃል እንደሚያስረዳ ሁሉ፣ የዛሬው ቪዲዮ አቀናባሪም በትልቁ ሥዕል ማዕዘን ላይ ታናሽ ሥዕል ሲያኖር ሥራው በዚሁ ሥርዓት ይመረመራል። ድርጊቱ ራሱ አያስደንቅም፤ በፕሪሚየርም ሆነ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሁለተኛውን ቪዲዮ ከመጀመሪያው በላይ ባለው ትራክ ላይ አኑሮ፣ አሳንሶ፣ ወደ ማዕዘን መግፋት የጀማሪ ሥራ ነው።

አስቀድሞ የሚመረመረው መጠኑ ነው። ብዙዎች በዚህ የሚስቱት ሶፍትዌሩ የሚያሳየው መቶኛ የጎን ልክ እንጂ የስፋት ልክ አለመሆኑን ስለሚዘነጉ ነው፤ ይኸውም ወደ 50 በመቶ የተቀነሰው ሥዕል የመስኮቱን ሩብ ሲይዝ፣ ወደ 25 በመቶ የተቀነሰው ግን በ1920 በ1080 ሥዕል ላይ 480 በ270 ሆኖ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ይይዛል፤ ይህም በእጅ ስልክ ሲታይ የተናጋሪው ከንፈር እንኳ በቅጡ አይለይም። የነገሩን ክብደት አጉልቶ የሚያሳየው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚታይበት ሥዕል ነው። የብሪታንያው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም፣ አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ ከስድስት አንድ እጅ ባላነሰ ቦታ እንዲታይ በመመሪያው አመልክቷል፤ ሙሉውን ሥዕል አሳንሰን ብናስገባው ይህ ልክ በሶፍትዌሩ ወደ 41 በመቶ ይሆናል። መስማት ለተሳነው ተመልካች ንግግሩ የሚገኘው ከዚያው ከታናሹ ሥዕል ስለ ሆነ፣ ጣቶች በጠርዙ የሚቈረጡበት፣ የልብሱ ቀለም ከእጁ ቀለም ጋር የሚዋሐድበት፣ ወይም በግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ እጁን የሚሸፍንበት ሥራ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እኔ ከወደቀ ሥራ እቈጥረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የፊቱ አንጻር ይታያል፤ በቀኝ ማዕዘን ያለ ሰው ወደ ግራ፣ ማለት ወደሚናገርለት ነገር ካላየ፣ በገዛ ንግግሩ ላይ ጀርባውን የሰጠ ይመስላል። አንዳንድ ብልህ ነኝ ባይ ሥዕሉን እንደ መስተዋት ገልብጦ ይህን ሕፀፅ ይሸሽጋል፤ ዳሩ ግን በደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ሲነበብ ምሥጢሩ ይገለጣል። ጠርዙ ቀጭን፣ ጽላሎቱም ለስላሳ ከሆነ ስለ እነርሱ ብዙ መናገር አያሻም።

ድምፁን ግን በጥንቃቄ ማድመጥ ይገባል። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት ድምፅ ሥዕልን ከ40 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንዳይቀድም፣ ከ60 ሚሊ ሰከንድም በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል፤ መሣሪያ የሌለው መርማሪ፣ ተናጋሪው «መ» ወይም «በ» ሲል ከንፈሮቹ የሚገጥሙበትን ቅጽበት ከሚሰማው ድምፅ ጋር ቢያስተያይ መዘግየቱን ይደርስበታል። ሥዕሉ በጀመረበት ሰዓት ገጥሞ ወደ መጨረሻው የሚፋለስ ከሆነ፣ የፍሬሙ ብዛት ከሰከንድ ሰከንድ በሚለዋወጥ የእጅ ስልክ የተቀረጸ ሊሆን ስለሚችል፣ መጨረሻውን ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

ስለ አገባቡና ስለ አወጣጡ፣ እየተሽከረከረ መጥቶ እየተሽከረከረ የሚሄድ ሥዕል በሠርግ ቪዲዮ ላይ ባለ ሠርጎቹ ከወደዱት እኔ አልቃወምም፤ በዜናና በትምህርት ሥራ ግን ጸጥ ብሎ ገብቶ፣ ተናጋሪው ቃሉን እንደ ጨረሰ ሊወጣ ይገባዋል።