ድምፅና ቃል፤ ስለ ፖል ሮብሰን የተነሡት ክርክሮች ሲመረመሩ

ፖል ሮብሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ በሕይወት ሳለ ሁለት ዓይነት አድማጮች ነበሩት፤ አንዱ ወገን ድምፁን ወዶ ንግግሩን የሚጠላ፣ ሌላው ወገን ንግግሩን ወዶ ስሕተቱን መስማት የማይፈልግ ነው። ከሞተ በኋላም ስለ እርሱ ከሚጻፈው ብዙው ከነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ ያደላ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለአንዱ ወገን ጠበቃ መሆን ሳይሆን፣ በሰውዬው ላይ የተነሡትን ክርክሮች ለያይቶ እያንዳንዱ ስለ ምን እንደ ነበረ ማመልከት ነው። እንደሚመስለኝ ብዙው ስሕተት የመጣው ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ስለ ተቈጠሩ ነው። የመጀመሪያው «ዘፋኝ ስለ መንግሥት ጉዳይ ሊናገር ይገባዋልን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የተናገረው እውነት ነውን?» የሚል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ሀ. አነሣሡ

ሮብሰን ሚያዝያ 9 ቀን 1898 በኒው ጀርሲ ክፍል በፕሪንስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ከባርነት አምልጦ የወጣና በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ ሰው ነው። ልጁ በራትገርስ ኮሌጅ ሲማር በትምህርቱም በአሜሪካን እግር ኳስም የታወቀ ሆነ፤ በ1919 ተመርቆ ወጣ፤ በ1923ም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ነገር ግን በጠበቆች ቢሮ ውስጥ በቀለሙ ምክንያት ስለ ተናቀ ሕጉን ትቶ ወደ ቴአትርና ወደ ዘፈን ዞረ። በ1925 ከፒያኖ አጃቢው ከሎረንስ ብራውን ጋር ሆኖ በኒው ዮርክ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙርና ሕዝባዊ ዜማ ብቻ የያዘ ኮንሰርት አቀረበ። እነዚህ መዝሙሮች ባሮች በእርሻ ላይ ሳሉ ከኦሪት ዘጸአት የእስራኤልን ታሪክ እየወሰዱ የራሳቸውን መከራ የተናገሩባቸው ናቸው። ስለዚህ ሮብሰን በኋላ «ዘፈንን ከፖለቲካ ጋር ቀላቀለ» ተብሎ ሲከሰስ፣ ከሳሾቹ የረሱት አንድ ነገር አለ፤ የዘፈነው ዘፈን ከመነሻው ስለ ነጻነት የተዘመረ ነበረ።

ለ. በሥራው ላይ የተነሣው ክርክር

የመጀመሪያው ክርክር ከመንግሥት ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። በ1935 በእንግሊዝ አገር በተሠራው «ሳንደርስ ኦፍ ዘ ሪቨር» በተባለው ፊልም ውስጥ እንደ አንድ የአፍሪካ ባላባት ሆኖ ተጫወተ። ሥራውን የተቀበለው የአፍሪካን ባህል በክብር ያሳያል ብሎ ነበር፤ ተጠናቆ ሲወጣ ግን የቅኝ ገዡን ሹም እንደ አባት፣ አፍሪካውያንን እንደ ልጆች የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታም በዚሁ ፊልም ውስጥ ከአጃቢዎቹ አንዱ ሆኖ ታይቷል። ብዙ ጥቁሮች ሮብሰንን ነቀፉት፤ እርሱም ራሱ ፊልሙን አወገዘው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን «ኦል ማን ሪቨር» ስለሚባለው ዘፈን የተነሣው ነገር ነው። ዜማው የጀሮም ከርን፣ ግጥሙ የኦስካር ሐመርስታይን ነው። ሮብሰን በ1928 በሎንዶን ቴአትር ቤት፣ በ1936ም በፊልም ሲዘፍነው ዝናው በዓለም ላይ ተሰማ። በግጥሙ ውስጥ በወንዝ ዳር የሚሠራው ጥቁር ወዛደር ኑሮ እንደ ሰለቸው፣ ሞትንም እንደ ፈራ ይናገራል። ሮብሰን ይህን ስፍራ ቀስ በቀስ እየለወጠ፣ ወዛደሩ እስኪሞት ድረስ እንደሚታገል የሚናገር አደረገው። ባለቤቱ ሐመርስታይን ለውጡን አልወደደውም።

ነገሩ በጥበብ ሚዛን ሲታይ ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ዜማው በዚያ ስፍራ ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀድሞው ቃል ግን ወደ ታች የሚወርድ፣ የተስፋ መቍረጥ ቃል ነው። የሮብሰን አዲስ ቃል ከሚወጣው ዜማ ጋር ስለ ተስማማ ዘፈኑ ኀይል አገኘ። ነገር ግን አንድ ነገር ጠፋ፤ ይኸውም የደከመ ሰው በማይደክም ዜማ ላይ ሲናገር የሚሰማው ተቃርኖ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን የሚያሳዝን፣ ሁለተኛው የሚያነሣሣ ነው። ስለ ጥቁር ወዛደር የተጻፈውን ቃል የባሪያ ልጅ ሲያርመው «መብት የለህም» ማለት የሚቻል አይመስለኝም፤ ሆኖም እርማቱ ዋጋ እንዳስከፈለ ሐያሲው ሊደብቀው አይገባም።

ሐ. ፓሪስና ፒክስኪል

በሚያዝያ 1949 ሮብሰን በፓሪስ በተደረገው የሰላም ጉባኤ ላይ ተናገረ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ያሰራጨው ወሬ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሶቪየት ኅብረት ላይ ይዋጋሉ ተብሎ የማይታሰብ ነው አለ የሚል ነበረ። በጉባኤው የተናገረውና በጋዜጣ የወጣው ቃል አንድ እንዳልነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች በኋላ አሳይተዋል፤ ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ ሌላው ሰው የጨመረበትም ቃል እንኳ ከተሰራጨ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም። በሐምሌ ወር የታወቀው የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሮብሰንን ቃል ተቃወመ። ነሐሴ 27 ቀን በኒው ዮርክ ክፍል በፒክስኪል አጠገብ ሊያቀርብ የነበረው ኮንሰርት በሁከት ምክንያት ቀረ። መስከረም 4 ቀን ኮንሰርቱ ቢደረግም፣ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕዝብ በድንጋይ ተወግሮ ከ140 በላይ ሰዎች ቈሰሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያው ጃኪ ሮቢንሰን በ1972 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ፣ ለሮብሰን ያለው አክብሮት እንደ ጨመረና እንደዚያ ያለ ጥሪ ዳግመኛ ቢመጣለት እንደማይቀበለው ጽፏል።

መ. የፓስፖርቱ ነገር

በ1950 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሮብሰንን ፓስፖርት ከለከለ። መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰውዬው ለአፍሪካ የቅኝ ግዛት ሕዝቦች ነጻነት ብዙ ዘመን መሥራቱ ነው። አንባቢዎች ይህን ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ፤ ለአፍሪካውያን የደከመው ድካም በገዛ አገሩ እንደ ጥፋት ተቈጠረበት ማለት ነው።

ሮብሰን ግን አልተቀመጠም። በግንቦት 1952 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ፣ የሰላም በር በሚባለው ስፍራ፣ በጭነት መኪና ላይ ቆሞ በሁለቱም አገር መሬት ላይ ለተሰበሰበው ብዙ ሺህ ሕዝብ ዘፈነ። በ1957 በአትላንቲክ ባሕር ሥር በተዘረጋው የስልክ መስመር በመጀመሪያ ለሎንዶን፣ ቀጥሎም ለዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ኒው ዮርክ ሆኖ ዘፈነ። በሰኔ 1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌሎች ሰዎች ክስ ላይ፣ መሥሪያ ቤቱ በሰው እምነት ምክንያት ፓስፖርት ለመከልከል ሥልጣን እንደሌለው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ስለ ፈረደ፣ የሮብሰንም ፓስፖርት ተመለሰለት።

ሠ. የሞስኮው ዝምታ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሮብሰንን የሚያስመሰግን ነው። ወዳጆቹ ብዙ ጊዜ በዚህ ያቆማሉ፤ ክርክሩ ግን በዚህ አያበቃም። ሮብሰን በ1943 ሰሎሞን ሚኾኤልስ የተባለውን የይዲሽ ቴአትር አዋቂና ኢጽክ ፌፈር የተባለውን ባለ ቅኔ በኒው ዮርክ አግኝቶ ወዳጅ አድርጓቸው ነበር። ሚኾኤልስ በጥር 1948 በስታሊን ትእዛዝ ተገደለ፤ ፌፈርም ታሰረ። በሰኔ 1949 ሮብሰን ወደ ሞስኮ በሄደ ጊዜ ፌፈርን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ስለ ጠየቀ፣ እስረኛውን ወደ ሆቴሉ አመጡለት። ልጁ በኋላ እንደ ተረከው፣ ግድግዳው ጆሮ ስለ ነበረው ፌፈር መከራውን በምልክትና በጽሑፍ ገለጠለት። ሰኔ 14 ቀን ባቀረበው ኮንሰርት ላይ ሮብሰን የሁለቱን ወዳጆቹን ስም አንሥቶ፣ የዋርሶ አይሁድ ትግል መታሰቢያ የሆነውን መዝሙር በይዲሽ ዘፈነ። ይህን በዚያ አዳራሽ ማድረግ ትልቅ ድፍረት ነው።

ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን በሶቪየት ኅብረት አይሁድ ይሰደዳሉ የሚባለውን ወሬ ሐሰት ነው አለ። ፌፈር ነሐሴ 12 ቀን 1952 ከሌሎች ጋር ተረሸነ። በዚያው ዓመት ለሮብሰን የስታሊን የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ ስታሊን በ1953 ሲሞትም የሚያሞግስ ጽሑፍ ጻፈለት። በ1956 የስታሊን ጥፋት በሞስኮ ራሱ ከተነገረ በኋላም በአደባባይ አልወቀሰውም።

ለዚህ ዝምታ ምክንያት አይታጣለትም። አገሩ በድንጋይ ስትወግረው፣ ስለ ሞስኮ የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል ለወጋሪዎቹ ድንጋይ ማቀበል መስሎ ታይቶት ይሆናል። ምናልባትም ቢናገር ፌፈር ቶሎ ይገደላል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ምክንያት ዝምታውን ያስረዳል እንጂ ነጻ አያወጣውም፤ ሁለተኛውም ከ1952 በኋላ አይሠራም። ደግሞም ዝም ብሎ አልቀረም፤ ሐሰት ነው ብሎ ተናገረ። ሰው ከሚጠላው መንግሥት ፊት ቆሞ መናገሩ ብዙ አያስደንቅም፤ ነቢዩ ናታን የገሠጸው ግን የሚያገለግለውን ንጉሥ ነው።

ረ. መደምደሚያ

እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ እንመልስ። ዘፋኝ ሊናገር ይገባዋልን? አዎን፤ ሮብሰን በ1946 ለፕሬዚዳንት ትሩማን ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መግደል በሕግ እንዲከለከል ሲያመለክት ከሕግ አዋቂዎች ያነሰ መብት አልነበረውም። ፓስፖርቱን የወሰደው መንግሥት ንግግሩን በክርክር አልረታውም፤ አፉን ሊዘጋ ሞከረ እንጂ። የተናገረው እውነት ነውን? ስለ አገሩ የተናገረው እውነት ነበረ፤ ስለ ሶቪየት ኅብረት የተናገረው ግን እውነት አልነበረም፤ ቢያንስ ከሰኔ 1949 ጀምሮ እንዳልሆነ የሚያውቅበት ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን አይሸፍነውም፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን አይሽረውም።

ሮብሰን ጥር 23 ቀን 1976 በፊላዴልፊያ ሞተ። አገሩም ቈይታ በ1995 በአሜሪካን እግር ኳስ የክብር መዝገብ ስሙን አስገባች፤ በ2004ም ምስሉን በፖስታ ቴምብር ላይ አተመች። ቴምብር ግን ክርክሩን አይፈታም፤ አሳዳጆቹም ወዳጆቹም በአንድነት የሚያርፉበት ሽፋን ብቻ ይሆናል። ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው፣ ስለ ማንኛውም ታላቅ ዘፋኝ ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ «የምንከራከረው ስለ መናገር መብቱ ነው ወይስ ስለ ቃሉ እውነት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሮብሰንን ድምፅ በሸክላ ስንሰማ፣ ፒክስኪልንም ፌፈርንም አብረን ማሰብ ይገባናል።