ቅርንጫፍ አልባው ቁልቋል

ዩፎርቢያ ኦቤሳን ማራባት የፈለገ ሰው አንድ ተክል ብቻ ገዝቶ ዘር አያገኝም። ወንዴውና ሴቴዋ ለየብቻ የቆሙ ናቸው፤ ካላበቡ ደግሞ አይለዩም። ችግኙ እስኪያብብ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ሥራውን የሚያውቅ አብቃይ ከመጀመሪያው ብዙ ዘርቶ ይጠብቃል።

ተክሉ በተፈጥሮ የሚገኘው በደቡብ አፍሪካ፣ ታላቁ ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር፣ በግራፍ ራይኔት አካባቢ ብቻ ነው። ከእኛ አገር ቁልቋል ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሲቧጠጥ ያው ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ዓይን ከነካም ክፉኛ ያቃጥላል። ነገር ግን እሾህም ቅርንጫፍም የለውም። ቡጢ የሚያህል ድቡልቡል ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሸንተረሮች አሉት፣ አረንጓዴ ገላውን ደብዛዛ ሐምራዊ መስመሮች ያቋርጡታል። በጠጠር መሀል ሲቀመጥ ዓይን በቀላሉ አያገኘውም።

ሰብሳቢዎች ግን አገኙት። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ዳልተን ሁከር በ1903 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው በኋላ ፈላጊው በዛ። ገንጥለው የሚተክሉት ቅርንጫፍ ስለሌለው ከነሥሩ ይነቅሉት ጀመር፤ በጥቂት ዓመታትም ከትውልድ ቦታው ሊጠፋ ተቃረበ። በኋላ የአገሩ ሕግም፣ ሳይቴስ የተባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነትም ደረሱለት። የነቃዩን ገበያ ይበልጥ ያቀዘቀዘው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብሩሽ የያዘው አብቃይ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግኙ በርካሽ ከተገኘ ካሩ ድረስ ሄዶ መቆፈር ምን ያደርጋል?

የብሩሹ ሥራ ይህን ይመስላል። በወንዴው አናት ላይ ቢጫ ብናኝ ሲታይ፣ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ጫፍ ተነስቶ የሴቴዋ አበባ ላይ ይነካል። ከያዘ፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ባለ ሦስት ክፍል ፍሬ ያብጣል፤ ውስጡ ቢበዛ 3 ዘር ነው። ይህ ፍሬ ሲደርቅ ድንገት ፈንድቶ ዘሩን ርቆ ይወረውራል። ያልተዘጋጀ ሰው ከዚያ በኋላ ወለል ለወለል ይለቅማል፤ ልምድ ያለው ቀደም ብሎ አናቷን በስስ ሻሽ ይሸፍናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዘመድ ነው። ዩፎርቢያ ሜሎፎርሚስ በአጠገቡ ካበበ ሁለቱ ያለ ችግር ይዳቀላሉ፤ የሚወለደው ክልስ ያምራል፣ ይሸጣልም። ለመስኮት ጌጥ ይህ ምንም አይደል። ዝርያውን አቆያለሁ የሚል አብቃይ ግን ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል፣ የእያንዳንዱንም ችግኝ እናትና አባት መለያው ላይ ይጽፋል።