የተኛ ሴንሰር አይሸትም
«ባትሪው ከወር በላይ ይቆያል» የተባለለት ገመድ አልባ የጋዝ ሴንሰር ካያችሁ ቶሎ አትደነቁ። እስቲ አብረን እናስላው።

እንደ ኤምኪው-2 ያሉ ርካሽ ሴንሰሮች ጋዝ የሚለዩት ቲን ኦክሳይድ የተባለውን ቁስ በማሞቂያ አግለው ነው። ማሞቂያው እስከ 0.8 ዋት ይፈልጋል። ሁለት የደብል ኤ ባትሪ ድንጋዮች ደግሞ 7 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። 9 ሰዓት እንኳ አይሞሉም! ሬዲዮው መልእክት የሚልከው አልፎ አልፎ ስለሆነ ዋናው በላተኛ ማሞቂያው ነው።

የተለመደው ብልሃት ሴንሰሩን ማስተኛት ነው፦ 1 ደቂቃ ይሠራል፣ 99 ደቂቃ ይተኛል። ባትሪው 100 እጥፍ ገደማ ይቆያል። ግን ጋዙ በእነዚያ 99 ደቂቃዎች ውስጥ ቢያፈተልክስ? የከተማ አየር ለመለካት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ሲሊንደር ላለበት ወጥ ቤት ግን ቁጠባ ሳይሆን አደጋ ነው።

የተሻለው መንገድ ማሞቂያውን ማሳነስ ነው። በሲሊከን ላይ የሚሠሩ ጥቃቅን ማሞቂያዎች በሚሊሰከንዶች ስለሚግሉ ቶሎ ቶሎ መንቃት ይችላሉ። ሽታ የሌለውን የከሰል መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ለመለየት ደግሞ ያለ ማሞቂያ የሚሠሩ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰሮች አሉ።

እናም «ስንት ወር ይቆያል?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ደቂቃ ይተኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።