ማሩ ቀርቷል ወይ?

ጠመንጃ ያዥም ሆነ ሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር ጠጅ ቤት የሚገባ ሰው ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ ያዛል። ሙያ የሚፈተነው በደረቁ ነው። ጣፋጭነት ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ደረቅ ጠጅ ግን የሚደበቅበት የለውም።

ለንጽጽር፣ በፖርቱጋል ዱሮ ሸለቆ የሚሠራው የፖርት ወይን መፍላቱን ሳይጨርስ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። እርሾው ሥራውን ያቆማል፣ የቀረው ስኳርም ይተርፋል። በአንድ የተመረጠ ዓመት ፍሬ የተሠራው ፖርት በርሜል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ጠርሙስ ይገባና እዚያው ለአሥርት ዓመታት ይበስላል። ጠጅ ጣይዋ ግን እርሾውን የምታቆምበት እንዲህ ያለ አረቄ የላትም። ጋኑ ውስጥ ያለው እርሾ ስኳሩን እየበላ ይሄዳል። ስለዚህ ደረቅ ጠጅ የሚመዝን ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ጣፋጩ ሲሄድ ማሩ ቀርቷል ወይ?

መልሱ መጀመሪያ ከአፍንጫ ነው። ብርሌ ለእጅ የተመቸ፣ ለዓይንም ያማረ ዕቃ ነው፤ አንገቱ ግን አፍንጫ አያስገባም። ለምዘና አፉ ሰፊ ብርጭቆ ይሻላል፤ ጠጁም እጅግ መቀዝቀዝ የለበትም። በደንብ የበሰለ ጠጅ ማሩን ያስቀድማል፣ ጌሾው ይከተላል፣ ጋኑ የታጠነበት ወይራ መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጭሱ ከቀደመ ጋኑ ከልክ በላይ ታጥኗል ማለት ነው። የአደይ አበባ ወራት ማርና የደቡብ ምዕራብ የደን ማር ሽታቸው አንድ አይደለም፤ የለመደ አፍንጫ ጠጁ ከደረቀ በኋላም ይለያቸዋል።

ከዚያ ምላስ። የጌሾው ምሬት ሥረ ምላስ ላይ መጥቶ መመለስ አለበት፤ ሙጥኝ ካለ ጌሾው በዝቷል ወይም ብዙ ቆይቷል። ትልቁ ስህተት ከኮምጣጣነት ጋር ይመጣል። ብዙ ጠጪ የኮመጠጠውን ሁሉ «ደረቅ» ይለዋል። ልከኛ ጎምዛዛነት ምራቅ ይጠራል፣ ጠጁንም ሕያው ያደርገዋል፤ ወደ ኮምጣጤ የሄደው ግን ገና ሳይቀመስ አፍንጫ ይወጋል፣ ያ ጠጅ አይመለስም።

በስኳር የተጣለውስ? ቀለም ምስክር አይሆንም፤ ቢጫ ከገበያ ይገዛል። የሚያጋልጠው ከዋጡት በኋላ ያለው ነው፤ ጉሮሮ ያሞቃል፣ አፍ ግን ባዶውን ይቀራል። የማሩ ጠጅ ሽታውን መልሶ ወደ አፍንጫ ይልካል።

ያረጀ ፖርት ከአተላው ሊለይ በጥንቃቄ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፣ ትንሽ አየርም ያገኛል። ጠጅ ግን አየርን እንዲህ አይታገሥም፤ ኮምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች የሚበረቱት አየር ሲያገኙ ነውና። ስለዚህ ሁለተኛ ቅምሻ ካስፈለገ ሳይዘገይ ይደረጋል፤ የተከፈተ ጋንም ቶሎ ተቀድቶ ማለቅ አለበት።