የመነኩሴው ጀርመንኛ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የተሐድሶ ምክንያቶች» ብለው ጻፉና ከሥሩ አምስት ነጥብ ደረደሩ፦ የካህናቱ ምግባር መበላሸት፣ የስርየት ወረቀት ሽያጭ፣ የመሳፍንቱ ፍላጎት፣ የኅትመት መኪና፣ ማርቲን ሉተር። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ አለፍን። አንድ ጥያቄ ግን አብሮኝ ቀረ። ያን ሁስ በቦሂሚያ ከሉተር ጋር የሚቀራረብ ነገር ሰብኮ በ1415 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮንስታንስ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ትምህርቱ በአገሩ ሥር ቢሰድም ከዚያ ብዙም አልራቀም። የሉተር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ግማሽ አውሮፓን ያዳረሰው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን የሉተርን አጫጭር ጽሑፎች በትርጉም ተራ በተራ አነበብኳቸው። ሃይማኖቱን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እንደ አንድ የጽሑፍ ሰው ሥራ ነው ያየኋቸው።

በ95ቱ አንቀጾች ልጀምር። እውነቱን ልናገርና አሰልችተውኛል። በላቲን ለመምህራን ክርክር የተዘጋጁ ናቸው፤ ደረቅና ጠመዝማዛ። መዶሻና ሚስማሩን በተመለከተ የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማያከራክረው፣ ጥቅምት 31 ቀን 1517 ሉተር ለማይንዙ ሊቀ ጳጳስ ለአልብሬሽት ደብዳቤ መላኩ ነው። አልብሬሽት ለሹመቱ ሲል ከፉገር ባለባንኮች ተበድሯል፤ ከስርየት ወረቀቱ ሽያጭ ግማሹ ለዚህ ዕዳ፣ ግማሹ ሮም ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይውላል። ገበሬው ለነፍሱ ብሎ የሚከፍላት ሳንቲም የሰው ዕዳ ትከፍል ነበር ማለት ነው።

በ1518 ሉተር ይህንኑ ጉዳይ በጀርመንኛ ጻፈው። ሃያ አጫጭር ነጥቦች፣ ስምንት ገጽ ብቻ። ገንዘብ ካለህ መጀመሪያ ለተቸገረ ጎረቤትህ ስጥ ይላል፤ ይህን ለመረዳት ላቲን አያስፈልግም። እኔ እንደምለው ተሐድሶው የተስፋፋው ከዚህች ትንሽ ጽሑፍ ነው። እስቲ በአታሚው ዓይን እንየው። ትልቅ መጽሐፍ ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ገንዘብ አስሮ ያስቀምጣል። ስምንት ገጽ ግን በጥቂት ቀን ታትሞ በጥቂት ቀን ይሸጣል። ከልካይ የቅጂ መብት አልነበረም፤ ላይፕዚሽ፣ ኑረምበርግ፣ አውግስበርግና ባዝል እያነሱ አተሙት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ታተመ። ሉተርም ከአታሚዎቹ ክፍያ አይቀበልም ነበር።

«ሕዝቡ ማንበብ የት ይችል ነበርና?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አብዛኛው አይችልም። አንዱ ያነባል፣ አሥሩ ከብበው ይሰማሉ። ዓረፍተ ነገሮቹ ለጆሮ የተሠሩ የሆኑትም ለዚህ ነው። ሉተር ቫርትቡርግ ግንብ ውስጥ ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ሲተረጉም (11 ሳምንት ገደማ ነው የፈጀበት፤ መስከረም 1522 ወጣ፣ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ታተመ) የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በ1530 ስለ ትርጉም በጻፈው ደብዳቤ፣ ጀርመንኛን ከእናት፣ ከመንገድ ልጆችና ከገበያተኛ አፍ መማር አለብን ይላል። ግሩም ነው። ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ፣ ለሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት «በእምነት» ከሚለው ጋር «ብቻ» የምትል ቃል መጨመሩን ሲከላከል፣ የጀርመንኛ ለዛ ነው ያስገደደኝ ይላል። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያቺ ቃል ለዛ ብቻ አልያዘችም፤ የሰውየውን ትምህርት በሙሉ ተሸክማለች። ተርጓሚው ለቋንቋው ሲታዘዝና ቋንቋውን ሲያዝ መለየት ከባድ ነው።

ወደሚከብደው ልምጣ። በ1520 ባወጣው የክርስቲያን ነጻነት ድርሳን ላይ፣ ክርስቲያን ለማንም የማይገዛ ጌታ ነው ይልና ወዲያው የሁሉም አገልጋይ ነው ብሎ ይጨምራል። በመከራ ያለ ሰው የትኛውን ግማሽ እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። በ1525 የደቡብ ጀርመን ገበሬዎች ሜሚንገን ላይ አሥራ ሁለት አንቀጽ አወጡ። ቄሳችንን ራሳችን እንምረጥ፤ ክርስቶስ ሁላችንንም በደሙ ስለ ዋጀን የጌቶች ንብረት አይደለንም፤ ተሳስታችኋል ካላችሁን በመጽሐፍ ቅዱስ አሳዩን አሉ። አነጋገሩ ራሱ የሉተር ነው! ከእሱ ነዋ የተማሩት።

ለፍትሕ ያህል፣ ሉተር በመጀመሪያ መልሱ መሳፍንቱንም አልማራቸውም፤ የዚህ ሁሉ ጥፋት ምንጭ እናንተ ናችሁ ብሏቸዋል። አመፁ ሲግም ግን ሌላ በራሪ ጽሑፍ አወጣ፤ ጌቶቹ አመፀኞቹን ያለ ርኅራኄ እንዲገድሉ ወተወተ። ግንቦት ላይ ፍራንከንሃውዘን የገበሬዎቹ ሠራዊት ታረደ። በጦርነቱ የሞቱት እስከ 100,000 ይገመታሉ።

እኔን የረበሸኝ ይህ ጽሑፍ መጥፎ ሆኖ አለመጻፉ ነው። ያው አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ያው ትኩሳት፣ ያው የገበያ ቋንቋ አለው። በ1518 ያደነቅኩትን ብዕር በ1525 አላውቀውም ልል አልችልም። ነጻነቱ የመንፈስ እንጂ የሥጋ አይደለም ይላል፤ ይህን ልዩነት ግን ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ በጊዜው አጥብቆ አልነገረውም። ስትጽፍ እንዲሰሙህ ከለፋህ፣ ከሰሙህ በኋላ «እኔን አላላችሁም» ብሎ መሸሽ አይቻልም።

በ1534፣ ሙሉው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ በታተመበት ዓመት፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ተወያይቷል። በአስተርጓሚ ነበር የተነጋገሩት፤ ሉተርም ተስማምተናል ብሎ የምስክር ደብዳቤ ሰጠው። ያለ አስተርጓሚ የሰሙት ገበሬዎች ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያገኙትን መልስ አይተናል።

የሚያነብ ቢኖር ምክሬ ይህ ነው፦ የ1518ቱን ስብከትና የ1525ቱን በራሪ ጽሑፍ በአንድ ቀን፣ በተከታታይ አንብቧቸው። ሁለቱም አጭር ናቸው። ከዚያ ስለ ተሐድሶው ምክንያቶች እንደገና እናውራ።