በራሱ ዐዋጅ የተከሰሰ ንጉሥ፦ ቴሬስያስ በኤዲፐስ ፊት

የሶፎክልስን «ኤዲፐስ ንጉሥ» ያነበቡ ብዙዎች የነቢዩን የቴሬስያስን ክስ ድንገት ከሰማይ የወረደ መብረቅ አድርገው ያስታውሱታል። ተውኔቱን ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮበት እየከበደው ይመጣል፤ ከደረሰም በኋላ ወደ ቤቴ መልሱኝ ይላል። መጀመሪያ የሚከሰው ንጉሡ ነው። ዝምታህ የቀድሞውን ንጉሥ የላዮስን ግድያ ስለ ዶለትክ ነው፣ ዓይንህ ቢያይ ኖሮ ብቻህን በፈጸምከው ነበር ይለዋል። ቴሬስያስ እውነቱን የሚያወጣው እንዲህ ከተወነጀለ በኋላ ነው።

ያን ጊዜም የሚጠቅሰው ንጉሡ ጥቂት ቀደም ብሎ በቴብስ ሕዝብ ፊት ያስነገረውን ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ ነፍሰ ገዳዩን ማንም እንዳያስጠጋው፣ እንዳያነጋግረው፣ ከመሥዋዕት እንዳያካፍለው ያዛል። እንግዲያው ለቃልህ ተገዛ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔንም እነዚህንም አታነጋግር፤ ምድሪቱን ያረከስክ አንተ ነህ ይለዋል። ፍርዱን ተከሳሹ ራሱ አስቀድሞ ሰጥቶታል፤ ለነቢዩ የቀረው ስሙን መሙላት ብቻ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤልም ናታን ፊቱ ሲቆም ዳዊት በሌላ ሰው የፈረደ መስሎት በራሱ ላይ ይፈርዳል። ዳዊት ግን የሠራውን ያውቃል፤ አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ኤዲፐስ የቆሮንቶስ ንጉሥ ልጅ ነኝ ብሎ ያምናል፤ የተነገረው እውነት የሚያርፍበት ቦታ በልቡ የለም። ስለዚህ ሤራ ይፈልጋል፦ ነቢዩን ያስጠራው የሚስቱ ወንድም የክሬዮን ምክር ነው፤ ላዮስ በተገደለ ጊዜ ነቢዩ ትንፍሽ አላለም፤ ንጉሡ ራሱ የፈታውንም የስፊንክስ እንቆቅልሽ አልፈታም። ይህን ጥርጣሬ የትዕቢት ውጤት ብቻ አድርገው የሚያልፉትን ተቺዎች አልቀበላቸውም። ጥያቄዎቹ የመርማሪ ጥያቄዎች ናቸው። ነቢዩን የሚያከብሩት የመዘምራኑ ሽማግሌዎች እንኳ ማስረጃ ሳናይ ንጉሣችንን አንኮንንም ይላሉ።

በሶፎክልስ ሌላ ተውኔት በ«አንቲጎኔ» ያው ቴሬስያስ ክሬዮንን ሲገሥጽ ሳይጠራ ይመጣል። የአዕዋፍን እንግዳ ጩኸትና አልነድም ያለውን መሥዋዕት በምልክትነት ያቀርባል። በደሉ የተገለጠ ነው፤ ክሬዮን እንዳይቀበር የከለከለው የፖሊኒቄስ ሬሳ ሜዳ ላይ ወድቋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ይቀበር። ክሬዮን በገንዘብ ተገዝተሃል ብሎ ቢሰድበውም ነቢዩ ሲሄድ ይርዳል፣ ዘግይቶም ቢሆን ይታዘዛል። ለኤዲፐስ ግን ቴሬስያስ የሚያዝለት መድኃኒት የለውም።

የነቢዩ የመጨረሻ ንግግር ምሁራንን አከራክሯል። በርናርድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ ኤዲፐስ ይህን ሳይሰማ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይገባል ብለዋል። ሽማግሌው ዓይነ ስውር ነውና ንጉሡ መሄዱን ላያውቅ ይችላል፤ ሐሳቡ ለመድረክ ይመቻል። እኔ ግን ኤዲፐስ ቆሞ መስማት አለበት እላለሁ። ከሄደ አለመረዳቱ የአጋጣሚ ነገር ይሆናል። ከቆመ ግን ለልጆቹ አባትም ወንድምም፣ ለወለደችው ሴት ልጅም ባልም የሆነ ሰው እዚሁ አለ ሲባል በጆሮው ሰምቶ፣ እንቆቅልሽ ፈቺው ራሱ መፍታት ያቅተዋል። ቴሬስያስም እመነኝ አይለውም። ግባና ይህን መርምር፣ ሐሰት ሆኖ ካገኘኸው ያን ጊዜ ትንቢት አያውቅም በለኝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ኤዲፐስ ሚስቱን ዮካስታን፣ የቆሮንቶሱን መልእክተኛና አረጋዊውን እረኛ ሲጠይቅ የሚፈጽመው ይህንኑ ትእዛዝ ነው።