ሴትና ወንዝ በቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለድ፤ ከአቃቂ ግርጌ ሲነበብ

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በገዛችበት ዘመን፣ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም.፣ የተጻፉት ልብ ወለዶች ሴትን ከምድር፣ ከውሃና ከአዝመራ ጋር አንድ አድርጎ የመሣል ልማድ አላቸው። ይኸን ልማድ አጥብቆ የመረመረው ኢኮፌሚኒዝም የተባለው የሒስ መንገድ ነው። ስሙን ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ዶቦን በ1974 ዓ.ም. አወጣችለት፤ አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ካሮሊን መርቸንትም በ1980 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ተፈጥሮ እንደ እናት መታየቷ ቀርቶ እንደ ግዑዝ መሣሪያ መቈጠር የጀመረችበትን ዘመን ተከታትላለች። ነገሩ በአጭሩ፣ ምድርን የሚበዘብዘውና ሴትን የሚጨቍነው ሥርዓት አንድ ነው የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ፍርድ በእንግሊዝ ገጠር ብቻ ሳይሆን ወንዝ ባለበት ሁሉ ሊፈተን ይገባዋል። ለዚህም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው አቃቂ ቃሊቲ የተመቸ ነው። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዪቱን አቋርጠው፣ የመኖሪያ ቤቱንም የፋብሪካውንም እጣቢ ተሸክመው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚህ ግርጌ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ስለ ወንዝ ሲወራ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከላይ ማን ምን ለቀቀበት ብሎ ነው። ይኸ ጥያቄ ደግሞ ለሒስ ሥራ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ይጠቅማል።

ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ስም የጻፈችው ሜሪ አን ኢቫንስ፣ በ1860 ዓ.ም. ያሳተመችው በፍሎስ ወንዝ ዳር ስላለው ወፍጮ የሚተርክ መጽሐፍ የሚፈጸመው በጎርፍ ነው። ማጊ ቱሊቨር ወንድሟን ለማዳን በጀልባ ወጥታ ሁለቱም ተቃቅፈው ይሰጥማሉ። ከሐያስያን አንዳንዱ ይኸን ፍጻሜ ሲተረጕም፣ ማኅበሩ የገፋትን ልጅ ተፈጥሮ በእቅፏ ተቀበለቻት ይላል። ያማረ ትርጓሜ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል። ውሃው ወደ ታሪኩ የሚገባው ገና ጎርፍ ሳይሆን በፊት፣ በፍርድ ቤት በር ነው። ከላይ ያለው ባለ መሬት ለመስኖ ውሃ ሲወስድ፣ አባት ቱሊቨር ወፍጮዬ ይዳከማል ብሎ ይሟገታል፤ ይረታል፤ ይከስራል። የቤቱ ዕቃ ይሸጣል፣ ማጊም ትምህርቷን ትታ ትመለሳለች። በኋላ ወንድሟ ወፍጮውን አስመልሶ ጌታው ሲሆን፣ ስሟ በሐሜት የጠፋውን እኅቱን ከደጅ ይመልሳታል። እንግዲህ ወንዙ በመጨረሻ ያገኛት አስቀድሞ ከንብረቱም ከቤቱም የወጣችውን ሴት ነው።

በቶማስ ሃርዲ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ በ1891 ዓ.ም. ባወጣው የቴስ ታሪክ ተራኪውና ታሪኩ ሳይስማሙ አብረው ይጓዛሉና። ተራኪው ቴስን በአጨዳ ቀን ነዶ ስታስር ሲያያት፣ በማሳ ላይ የሚሠራ ወንድ ራሱን የቻለ ሰው እንደ ሆነ፣ ሴቲቱ ግን ከማሳው ጋር ተዋሕዳ የእርሱ ክፋይ እንደ ሆነች አድርጎ ይነግረናል። ይህ የተመልካች ዓይን ነው፤ ተመልካቹም ነዶ አያስርም። ታሪኩ ግን ሌላ ይመሰክራል። በክረምት ከጠጠራማው ማሳ ለከብት መኖ የሚሆነውን ሥራ ሥር እንድትቈፍር የተቀጠረችው፣ ከአፈሩ ጋር ስለ ተዋደደች ሳይሆን የሴት ጕልበት ርካሽ ስለ ሆነ ነው፤ ሃርዲም ይኸንኑ በግልጥ ጽፎታል። በእንፋሎት የሚሠራው መውቂያ መኪና ሲመጣ ነዶ እየፈታች ታቀብላለች፤ መኪናው ስለማይደክም እርስዋም ማረፍ አይፈቀድላትም። የቤታቸው ውል በአባትዮው ዕድሜ የተወሰነ ነበረና እርሱ ሲሞት ቤተ ሰቡ ከነዕቃው ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ቴስንም ወደ ደፈራት ሰው የሚመልሳት ይኸው ችግር ነው። እዚህ ላይ ቴስን ከምድር ጋር የሚያስተሳስራት የደመወዝና የኪራይ ጕዳይ ነው።

ሒሱ ትክክል የሚሆንበትም ስፍራ አለ። ቴስ በአዳኞች ጥይት ቈስለው ዛፍ ሥር የሚያጣጥሩትን ወፎች አንገታቸውን ጠምዝዛ ስታሳርፋቸው፣ ዝምድናው እውነተኛ ነው፤ ወፎቹንም እርስዋንም ለመዝናኛው የሚያድነው ያው የባለ ርስት መደብ ነውና።

ሕንዳዊቷ የኢኮኖሚ ምሁር ቢና አጋርዋል በ1992 ዓ.ም. ይኸንኑ ጭብጥ ከልብ ወለድ ውጪ አስረድታለች፤ ሴት ከተፈጥሮ ጋር ያላት ግንኙነት ከሥራ ክፍፍልና ከንብረት የሚመጣ እንጂ አብሯት የሚወለድ አይደለም ትላለች። የአማርኛው የመጀመሪያ ልብ ወለድም ነገሩን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ አገር የምታቋርጠው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ምድሩ ለሴት ልጅ እኅቷ አልሆነላትም፤ ያለ ወንድ ልብስ የተዘጋ መንገድ ነው።

ወደ አቃቂ ሲመለሱ ነገሩ ይጨበጣል። የአባ ሳሙኤል ግድብ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኃይል ተሠራ፤ መብራቱ ወደ ከተማው ወጣ፣ የከተማው እጣቢ ደግሞ ወርዶ በግድቡ ተከማቸ፤ በኋላም እምቦጭ ወረረው። በወንዙ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ያንን ጎመን አጥባ ወደ ጕልት የምታወርደው ሴት ከወንዙ ጋር ያገናኛት እጇ ነው። የወንዝ እኅት ብሎ የሚያወድሳት ሒስ እንደ ሃርዲ ተራኪ ከማሳው ጋር ያዋሕዳታል፤ ያንጊዜም ብረቱን ማን እንደ ለቀቀ የሚጠይቅ አይኖርም። ቱሊቨር እንኳ የሚከሰው አንድ ጎረቤት ነበረው፤ በአቃቂ ግን የላይኛው ጎረቤት ከተማ ነው።

ሆኖም ሴትንና ተፈጥሮን የሚያያይዘው ሁሉ የደራሲ ምሳሌ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው፤ በኦሮሞ ባህልም አቴቴ ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው በኅብረት ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብና ስለ ሰላም የሚለምኑበት ሥርዓት ነው። ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሲንቄ፣ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው፤ ይህም በተለይ በአርሲ ዘንድ በሰፊው ተመዝግቧል። አንዲት ሴት ስትበደል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይኸን ሥርዓት የተፈጥሮ አምልኮ ብቻ አድርጎ ማንበብ የሕግ ጠባዩን ይሰውረዋል። ማጊ ቱሊቨር በአባቷ የውሃ ክርክር ቃሏን የጠየቃት አልነበረም፤ ሲንቄ የያዘችው ሴት ግን ከሳሽም ምስክርም ናት።